«የተባለ» እና «ነኝ ባይ»፦ ራሱን ከፍ የሚያደርገውን ሰው የምንጠራባቸው ቃላት

አክስቴ አንዱን ጎረቤታችንን በተለያየ ጊዜ በሦስት ቃል ገልጻዋለች። መጀመሪያ፣ ጠዋት ጠዋት የተተኮሰ ኮቱን ለብሶ፣ ጃንጥላውን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ በደጃችን ሲያልፍ «ጀነን ብሎ አለፈ» ትል ነበር። ሰላም ሳይል አያልፍም፤ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ «እንዴት አደራችሁ» ይላል፤ ግን አይቆምም። በእኛ ሰፈር ደግሞ ቆመው ካልተሰጣጡት ሰላምታው ግማሽ ነው። ከዚያ ሰውየው አይሱዙ ገዛ። እድር ስብሰባ መምጣቱን ትቶ፣ የቀረበትን ቅጣት በልጅ እጅ መላክ ጀመረ። ያኔ አክስቴ «ጠገበ» አለች። ጥቂት ዓመት ቆይቶ መኪናው ገደል ገባ፣ ዕዳ ተከመረበት። እሱ ግን ያንኑ ኮት እየተኮሰ፣ ያንኑ ጃንጥላ አንጠልጥሎ፣ ከማንም አምስት ብር ሳይበደር በደጃችን ማለፉን ቀጠለ። አክስቴ ቡና እየቀዳች በዓይኗ ሸኘችውና «ኩሩ ነው» አለች።

ኮቱም ጃንጥላውም አረማመዱም ያው ነው። የተቀየረው ቃሉ ነው። ኮራ፣ ታበየ፣ ጀነነ፣ ተኩራራ፣ ተኮፈሰ፣ ጉራ ነዛ፣ ጠገበ፣ ተመጻደቀ የሚሉትን ቃላት በወረቀት ላይ ፍቱ ብትባሉ አንዱን በሌላው እየፈታችሁ ትዞራላችሁ። በአፍ ግን ማንም አያምታታቸውም። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ አንድም ቀን ግን «ጠገበ» ማለት ሲገባት «ኮራ» ብላ አታውቅም። እስቲ ልዩነቱን እንፈልገው።

ከሁሉ የሚቀለው መግቢያ «ባይ» የምትለዋ ትንሽ ቃል ናት። አዋቂ ነኝ ባይ፣ ምሁር ነኝ ባይ፣ ጀግና ነኝ ባይ፣ ልታይ ልታይ ባይ፣ እዩኝ እዩኝ ባይ፣ አትንኩኝ ባይ። «ባይ» ማለት «የሚል» ማለት ነው፤ «አለ» ከሚለው የንግግር ግስ የወጣ። አማርኛ ራሱን የሚያገዝፈውን ሰው ስም ሲያወጣለት ከራሱ አፍ ቆርጦ ነው። የሚገርመው፣ ሰውየው እንዲያ ብሎ ላይናገር ይችላል። ማንም ጤነኛ ሰው ተነሥቶ «እኔ አዋቂ ነኝ» አይልም። ግን ሰው ሲናገር ጣልቃ ይገባል፣ ያልተጠየቀውን ያርማል፣ ወንበሩ ላይ ተኮፍሶ ይቀመጣል፤ ሁኔታው ተናግሮለታል፣ እኛም ጠቅሰንበታል።

ተቃራኒው ከዚያው ግስ መውጣቱ ነው ነገሩን የሚያጣፍጠው። «አንቱ የተባለ ነጋዴ» ስንል እናወድሳለን። «ነኝ ባይ» እና «የተባለ» የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው፣ ስለ ትልቅነት፤ ልዩነቱ ማን ነው ያለው የሚለው ላይ ነው። በአንደኛው ባለቤቱ ራሱ ብሏል፣ በሁለተኛው ሌላው ሰው ብሎለታል። የቋንቋው ሰዋስው ራሱ በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ነው። «አንተ» «እርስዎ» የሚባል ማክበሪያ አለው፣ «እሱ»ም «እሳቸው» አለው፣ «እኔ» ግን ማክበሪያ የለውም። ነገሥታቱ «እኛ» እያሉ ቢያውጁም ያ ብዙ ቁጥር ነው እንጂ አንቱታ አይደለም። አንቱታ ከጎረቤት የሚመጣ ነገር ነው፤ ለራስ አይሰፈርም። «አንቱ በሉኝ» የሚል ሰው ሲገጥመን የምንስቀውም ለዚህ ነው።

በዚሁ ግስ ላይ የቆመ ሦስተኛ ቃል አለ፦ ይሉኝታ። «ይሉኛል» ከሚለው ነው፤ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ማሰብ። ይሉኝታ ያለው ሰው ከመቀመጡ በፊት ወንበሩ የማን እንደሆነ ያያል፣ ሳይጋበዝ ወደ ማዕድ አይጠጋም፣ ያለውን ያህል እንኳ አይናገርም። ይሉኝታ ቢስ የሚባለው ይህን የተነጠቀ ነው። ስለዚህ «የተባለ»፣ «ነኝ ባይ»ና «ይሉኝታ» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው፤ ሰዎች ያሉልህ፣ አንተ ያልከው፣ ሰዎች ይሉኛል ብለህ የተውከው። በዝሆን ቀንታ ስለተነፋችው እንቁራሪት የሚነገረውም ተረት ሲጠቀስ «ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች» ነው። ልብ በሉ፣ «ብላ» ነው።

«ማን አለብኝ» የሚለው ግን ከዚህ ቤት አይደለም፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። እዚያ ያለው «አለ» የመናገር ሳይሆን የመኖር ግስ ነው፦ በላዬ ማን ይኖራል፣ ማን ይጠይቀኛል። ልታይ ባይ የሚያየው ሰው ይፈልጋል፣ ያለ ተመልካች አይኖርም። ማን አለብኝ ባይ ግን የሚያየው ቢኖር ባይኖር ግድ የለውም። ስለዚህ ቃሉ ከመንደር ይልቅ ለቢሮ የተሰፋ ነው። ማኅተሙ መሳቢያው ውስጥ እንዳለ እያያችሁ «ነገ ተመለሱ» የሚላችሁን ሰው ጉረኛ አትሉትም፣ ኩራተኛም አይበቃውም። ማን አለብኝነት ነው።

ወደ ኩራት እንምጣ። «ኩሩ» ሙገሳ ነው፣ «ኩራተኛ» ወቀሳ ነው፣ ሁለቱም ግን ከአንድ «ኮራ» የወጡ ናቸው። በመካከላቸው ያለችው «ኛ» ናት። ይህቺ ፊደል ስትቀጠል ነገሩን የዘወትር ሥራ ታደርገዋለች፦ ሐሜተኛ፣ ነገረኛ፣ ወረተኛ፣ ጉረኛ፣ ትዕቢተኛ። ኩሩ ሰው ኩራቱ አብሮት ተፈጥሯል፤ ሲቸገር ይታያል፣ ሲሰድቡት ይታያል፣ በሌላው ቀን ዝም ያለ ነው። ኩራተኛ ግን ኩራቱን በየቀኑ ይሠራበታል። ሽማግሌዎች ልጅ ሊያጩ ሲሄዱ «ልጁ ኩሩ ነው» ብለው ያሞግሱታል። የልጅቷ አክስት ጓዳ ገብታ «ኩራተኛ ነው አሉ» ካለች ግን ነገሩ ተበላሽቷል።

ይህ ክፍፍል ሁልጊዜ እንዲህ ንጹሕ አልነበረም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ምሳሌ 16፥18 ላይ ትዕቢት ጥፋትን እንደሚቀድም ሲነገር፣ ከጎኑ ውድቀትን የሚቀድመው «ኵሩ መንፈስ» ነው። እዚያ ላይ ኩሩ ከትዕቢተኛ ጋር በአንድ ሚዛን ተቀምጧል። ዛሬ ግን «ኩሩ ሕዝብ» ሲባል የሚከፋው የለም፤ ወላጆችም ልጃቸውን መኩሪያ፣ ኩራባቸው ብለው ስም ያወጣሉ።

ኩራባቸው የሚለውን ስም ትንሽ ብናገላብጠው ሌላ ነገር ይወጣዋል። «ኮራብኝ» ስል ምን ማለቴ ነው? «ሹመት አገኘና ኮራብኝ» ካልኩ ንቆኛል ማለት ነው። «ልጄ ተመረቀችልኝ፣ ኮራሁባት» ካልኩ ግን ደስታዬ ነች። ያቺው «ብ» ናት፤ በአንደኛው ሰውየው በእኔ ላይ ቆሟል፣ በሁለተኛው እኔ በልጄ ላይ ተደግፌያለሁ። ኩራባቸው የተባለ ልጅ እንግዲህ በእነሱ ይመካ ወይስ በእነሱ ላይ ይጀነን፣ የሚያውቀው ስም ያወጣው አባት ነው። በድሮው ጠባይ እንደሆነ ሁለተኛውም አይቀርም፤ ስም ብዙ ጊዜ ለጎረቤት የተላከ መልእክት ነበርና።

«ኮራሁብህ» ለልጅ ፊት ለፊት መነገሩ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር ይመስለኛል። እኔ ሳድግ ጥሩ ውጤት ይዞ የገባ ልጅ የሚሰማው «ጎሽ»፣ «እሰይ»፣ ከዚያ «እደግ፣ ተመንደግ» ነበር። ምስጋናው ወዲያው ወደ ምርቃት ይዞራል። ልጁ ትልቅ ሆኗል አይባልም፣ ትልቅ ሁን ይባላል። አሜሪካ ያደጉ የዘመዶቼ ልጆች ግን አስተማሪያቸው በየሳምንቱ ኮራሁብህ ስለሚላቸው ከእናታቸውም ይጠብቁታል። እናትየዋ «ተባረክ» ስትል፣ ልጁ ያልተመሰገነ መስሎት ሲከፋው አይቻለሁ።

መኩራት ግዴታ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ወጣት «ኮራ በል እንጂ!» ይባላል። «አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀሙት» የሚለው ተረት የተነጠቀውን ሰው እንጂ ነጣቂውን አይወቅስም፤ ትንሽ ጨካኝ ተረት ነው፣ ግን እውነት አለበት። ጭብጦ እንኳ ቢሆን የሚያዝበት ወግ አለው።

ትዕቢት ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ቃሉ የግዕዝ ነው፤ «ዐብየ» ትልቅ ሆነ ማለት ነው። ዐቢይ ጾም ስንል ያለው «ዐቢይ» ከዚሁ ሥር የመጣ ነው። ስለዚህ ትልቅነቱ በራሱ ኃጢአት አይደለም። «ታበየ» ላይ የተጨመረችው «ተ» ነች ሥራውን የምትሠራው፤ ትልቅ ሆነ ሳይሆን ራሱን ትልቅ አደረገ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጀመሪያው ታባይ ሳጥናኤል ነው፣ ታሪኩንም ሰንበት ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። መላእክት ተፈጥረው ፈጣሪያቸውን ባላዩበት ሰዓት «ማን ፈጠረን?» ብለው ተጠያየቁ። ከሁሉ በላይ የነበረው ሳጥናኤል ወደ ላይ ቢያይ ማንም የለም፣ ወደ ታች ቢያይ ሁሉም ከእሱ በታች ነው፤ «እኔ ፈጠርኳችሁ» አለ። ቅዱስ ገብርኤል ደግሞ «ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ» አለ፤ አምላካችንን እስክናገኘው በያለንበት ጸንተን እንቁም። ፈጣሪ ነኝ ባይ ወደቀ፣ በቦታዬ ልቁም ያለው ከበረ። ይህን ታሪክ በልጅነቱ የሰማ ሰው ትዕቢትን እንደ ጠባይ ጉድለት ብቻ አያየውም፤ ከሰማይ የሚጥል ነገር ነው።

«ተመጻደቀ»ም ከዚያው ሰፈር ነው። ጸደቀ ማለት ጻድቅ ሆነ ነው፤ ተመጻደቀ ማለት ግን ጻድቅ ነኝ ብሎ ራሱ ለራሱ ፈረደ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ቆሞ «እንደ ሌሎች ሰዎች ስላልሆንኩ አመሰግንሃለሁ» ብሎ የሚጸልየው ፈሪሳዊ የቃሉ መልክ ነው። ዛሬ ተመጻዳቂ ለመባል ጾም ጸሎት አያስፈልግም። ስኳር ስለተወ ሻይ ላይ ስኳር የጨመረውን ሁሉ በዓይኑ የሚገርፍ ሰውም ተመጻዳቂ ነው።

በአማርኛ የሚናገሩ ሙስሊሞች ደግሞ «ኪብር» ይላሉ፣ ከዐረብኛው። ከ-በ-ረ። ክብር ከምንለው ጋር ሥራቸው አንድ ነው። እኛ ዘንድ ሥሩ ወደ መከበርና መበልጸግ ሄደ፣ ዐረቦች ዘንድ ትልቅነትንም ትዕቢትንም ያዘ። አንዱ መስጊድ ሲወጣ «ከኪብር አላህ ይጠብቀን» ሲል፣ ጎረቤቱ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ «ክብር ለእግዚአብሔር» ይላል፣ ሁለቱም ከአንድ ግንድ የተቆረጠ ቃል ይዘዋል። ሰው ይየኝ ተብሎ የሚደረግ አምልኮ፣ «ሪያእ» የሚባለው፣ በአማርኛ ሲመለስ «ይዩልኝ» ነው የሚባለው። ምጽዋቱን ለይዩልኝ ሰጠ። ክርስቲያኖቹ ውዳሴ ከንቱ ከሚሉት ጋር ጎረቤት ነው፣ ግን «ይዩልኝ» የተሻለ ቃል ይመስለኛል፤ ሰውየው ውስጡ የሚለውን በቀጥታ ያሰማል።

ጉራ ከነዚህ አጠገብ ሲቀመጥ ቀላል ነው፣ ያስቃል እንጂ አያስፈራም። ትዕቢተኛ ይርቅሃል፣ ጉረኛ ግን ይጠጋሃል፤ አድማጭ ካላገኘ ይሞታል። ጉራ የሚባለው ነገር ይነዛል፣ ይነፋል፣ ይቸረቸራል። «ጉራውን ቸረቸረ» የሚለው ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ነው፤ እንደ ሱቅ ሸቀጥ በትንሽ በትንሹ እያሸገ፣ ለመጣው ሁሉ።

አንድ ጊዜ ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ የተቀመጠ ሰው ስልክ ያወራ ነበር፣ እንደ ሰርግ ቤት በሚሰማ ድምፅ። «ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ነው ያለው በለው! ሦስት ሚሊዮኑን ነገ አስገባለታለሁ፣ ምን ያጣድፈዋል?» ታክሲው ጸጥ አለ። አንዳንዱ በስርቆሽ ጫማውን አየ። አራት ኪሎ ስንደርስ ረዳቱ ሒሳብ ሰበሰበ፣ ሰውየውም ስልኩን ትከሻውና ጆሮው መሀል ቀርቅሮ ከፈለና መልስ ጠበቀ። ረዳቱ ሁለት ብር ጎደለው። «የምን ሁለት ብር ነው የምታስቀረው! መብቴ ነው!» ብሎ ተነሣ፤ ስልኩም ተረሳ። ከኋላ ወንበር ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት ለማንም ሳይሉ «ላም አለኝ በሰማይ» አሉ። ተረቱን አልጨረሱትም፣ መጨረስም አላስፈለገም፤ ታክሲው በሙሉ «ወተቷንም አላይ» እያለ ሳቀ፣ ሹፌሩ ሳይቀር። ረዳቱም ሁለት ብሩን ፈልጎ ሰጠው።

ታዲያ አማርኛ መኩራራትን በአደባባይ፣ በጩኸት፣ በግጥም የሚፈቅድበት ቦታም አለው፦ ፉከራ። «ዘራፍ!» ብሎ የሚነሣ ሰው ጉረኛ አይባልም። ለምን? አንደኛ ጊዜና ቦታ አለው፤ ዘመቻ ሊሄዱ ሲሉ፣ ከዘመቻ ሲመለሱ፣ በግብር ላይ፣ ዛሬ ዛሬ በሰርግ። ሁለተኛ ምስክር አለው፤ አብሮት የዘመተው አጠገቡ ተቀምጧል፣ ያላደረገውን አደረግሁ ቢል የሚያውቅበት አለ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ፎካሪው ብዙ ጊዜ ከራሱ አይጀምርም። የእገሌ አሽከር፣ የእገሌ ልጅ ብሎ በጌታው ወይም በአባቱ ስም ይነሣል። ጌታውም የሚጠራው ብዙ ጊዜ በፈረሱ ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል ነበሩ። የትልቁ ሰው ሙገሳ ፈረሱ ላይ ተጭኖ፣ የትንሹም ሰው ሙገሳ ጌታው ላይ ተጭኖ ነው የሚሰማው። «እኔ» የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ በሩን ገርበብ አድርጎ ይገባል። ጉረኛ ደግሞ ከ«እኔ» ተነሥቶ «እኔ» ላይ ይደርሳል፣ ምስክሩም ጅቡቲ ነው ያለው።

አሁን አክስቴ ወዳለችው «ጠገበ» እንምጣ። እኔ በግሌ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ቃል ይህ ነው። ትዕቢት የልብ ነው፣ ጥጋብ ግን የሆድ ነው። ሰው እንጀራ ሲያገኝ፣ ሆዱ ሲሞላ፣ የሚያደርገውን ያጣል፤ ይህ ነው ሐሳቡ። ዘዳግም 32፥15 ላይም እንደዚሁ ነው፤ ሕዝቡ በላ፣ ወፈረ፣ ከዚያ እንደ ጠገበ ከብት ረገጠ። ስለዚህ ጥጋብ መድኃኒት አለው ተብሎ ይታመናል። ጥጋብ ይበርዳል። «ጥጋቡን አበርድለታለሁ» የሚል ሰው ሊመክር አይደለም የተነሣው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። «ጠገበ» ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ ብዙም አይባልም። ሚኒስትሩ ጠገበ የሚል በሹክሹክታ ነው። የቤት ሠራተኛ ግን ሦስት ዓመት በዚያው ደመወዝ ሠርታ «ትንሽ ቢጨመርልኝ» ስትል «ጠግበሻል!» ትባላለች፣ ያውም በጩኸት። እስካሁን የበላችው በልክ ነበር፣ አሁን ከልኳ አለፈች ማለት ነው። ጎረቤታችን አይሱዙ ሲገዛ እንደ ጠገበ የተቆጠረውም ሰው አዋርዶ አልነበረም፤ የሰፈሩን ልክ ስላለፈ ነው። «ራስ ሳይጠና ጉተና»ም እንደዚሁ ልክህን እወቅ የሚል ተረት ነው፣ ለወጣት የተዘጋጀ። አንድ ሰው ጠገበ ሲባል ስሰማ ከተባለው ሰው በፊት ያለውን ሰው አያለሁ። ብዙ ጊዜ የተነካው የእሱ ወንበር ነው።

ፖለቲካውም ይህንኑ ሥራ በሌሎች ቃላት ሠርቷል። «ተመካ» ማለት ተማመነ፣ ተደገፈ ነው፤ መመኪያ ጥሩ ቃል ነው። «ትምክህት» ግን ከግራ ፖለቲካው ዘመን ጀምሮ የራስን ብሔር የበላይ አድርጎ ማየት የሚል ትርጉም ተሰጠው፣ በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ «ትምክህተኛ» እና «ጠባብ» እንደ ጥንድ በሬ አብረው ተጠምደው በየስብሰባው ታረሰባቸው። ዛሬ «እመካብሃለሁ» የሚል ሰው አለ፣ «ትምክህተኛ ነኝ» የሚል ግን የለም። «እብሪት»ም ወደ ጦርነት መግለጫ ሄዷል። ጎረቤቱን እብሪተኛ የሚል ሰው ካለ ዜና አብዝቶ የሚሰማ ነው።

ስለ አካል ጥቂት ልበል። ብዙዎቹ ቃላት የሚያዩት ሰውነትን ነው፦ ደረቱን ነፋ፣ አፍንጫውን ነፋ፣ ልቡ አበጠ። ሁሉም አየር የገባበት ነገር ነው፣ እንደ እንቁራሪቷ። በ«ተን» የሚጀምሩት ደግሞ፣ ተንጠባረረ፣ ተንጎማለለ፣ ተንቀባረረ፣ እንደ ተንከባለለና ተንገዳገደ የእንቅስቃሴ ቃላት ናቸው። አንድ ሰው በሐሳቡ አይንጎማለልም፤ መንገድ ያስፈልገዋል። ከነዚህ ውስጥ ጀነን ማለት ከሁሉ ይለሰልሳል። እንዲያውም ሴቶች ስለሚወዱት ወንድ ሲያወሩ «ጀነን ይላል» ሲሉ ወቀሳው ግማሽ ፈገግታ አለበት።

ከተማው አዳዲስ ቃላት አምጥቷል። «አታካብድ» የሚለው ለእኔ የዘመኑ ምርጥ ነው። ከ«ከበደ» ነው፣ ከከባድነት። አካባጅ ትንሹን ነገሩን ትልቅ ሸክም አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ነው፤ ጓደኞቹም ሸክሙን አውርድ ይሉታል። አጠገብ ላለ ሰው በፍቅር ሊባል ይችላል፣ ትዕቢተኛ ግን በፍቅር አይባልም። «ሽቅርቅር» በአለባበሱ ልክ ያለፈውን ይይዛል፤ «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚጠብቀውን። «ኢጎው ትልቅ ነው» የሚለውም አማርኛ ሆኗል ማለት ይቻላል።

አንዱ ላይ ግን ጥንቃቄ እፈልጋለሁ፦ «ናርሲስት»። ዛሬ ባሏ ልደቷን የረሳባት ሁሉ ባሌ ናርሲስት ነው ትላለች። ቃሉ በውኃ ውስጥ የታየውን የራሱን መልክ አፍቅሮ ከቀረው የግሪኮች ተረት ወጣት ነው የመጣው። የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው የሕመሞች መለያ መመሪያ ውስጥ የስብዕና መታወክ ሆኖ ገብቷል። የዛሬው መመሪያ 9 ምልክቶች ይዘረዝራል፣ ቢያንስ 5ቱ መገኘት አለባቸው፣ ያውም ከወጣትነት ጀምሮ በሰውየው ሕይወት ሁሉ የዘለቀ ጠባይ ሆኖ፤ ከምልክቶቹ አንዱ ለሌላው ሰው ስሜት አለመራራት ነው። ይህን የሚለየው ባለሙያ ነው። ጉረኛ ናርሲስት አይደለም። ጀነን ያለ ሰው ናርሲስት አይደለም። ራስ ወዳድም ራሱን የቻለ ሌላ ነገር ነው፤ ሥጋውን ለራሱ መርጦ የሚያነሣ ሰው ስለ ራሱ ምንም ትልቅ ነገር ላያስብ ይችላል፣ ርቦት ነው።

ይህን ሁሉ ሲሰማ አንድ አንባቢ «እንግዲያውስ አንገት መድፋት ነው» ሊል ይችላል። አማርኛ እዚያም አያስተኛውም። «አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ» ይለዋል። አንገቱን የደፋ ሰው ትሑት ነው ወይስ የሚያደባ ነው? ቋንቋው ሁለቱንም ይጠረጥራል። ስለዚህ ሰው መሀል ላይ ይቀራል፤ ቀና ቢል ጠገበ፣ ቢደፋ ያደባል።

ይህ ጭንቅ በደንብ የሚታየው በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ነው። አንድ የእህቴን ልጅ ለቃለ መጠይቅ ሳለማምደው «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» አልኩት። ትምህርቱን ተናገረ፣ ዓመተ ምሕረቱን ተናገረ፣ ከዚያ ጸጥ። «ጎበዝ ነህ ወይ?» አልኩት። «አጎቴ፣ እንዴት ጎበዝ ነኝ እላለሁ?» አለኝ፣ ፊቱ ቀልቶ። በእንግሊዝኛ ሲሞክረው ምንም አልከበደውም፤ ሙገሳው የእሱ ያልሆነ ያህል ፈሰሰለት። በአማርኛ ግን «ነኝ» የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ላይ ቆመች። በመጨረሻ መንገዱን ራሱ አገኘው። «ተለማማጅ ሆኜ ስሠራ አለቃዬ አስቸጋሪውን ሒሳብ ለእኔ ነበር የሚሰጡኝ፤ አንተ አትሳሳትም ይሉኝ ነበር።» ከ«ነኝ ባይ» ወደ «የተባለ» ተሻገረ። ሥራውንም አገኘ፤ በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው ብዬ ግን አላካብድም።

ያ ባለ ጃንጥላ ጎረቤታችን ባለፉት ዓመታት ዐረፈ። ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣች አንዲት የሩቅ ዘመድ ከአክስቴ አጠገብ ተቀምጣ ሟቹ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ጠየቀቻት። ሦስቱንም ቃላት ስለማውቅ የቱን ታነሣ ይሆን ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ትንሽ ዝም አለችና «አንቱ የተባሉ ሰው ነበሩ» አለች። በሕይወት ሳለ አንድም ቀን አንቱ ብላው አታውቅም።